ሚክሰሩን ከላይ ወደ ታች ማንበብ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የሳውንድ ጀማሪዎች

ሠርግ ላይ ድምጽ ሲያፏጭ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ዘፋኙን አይደለም። ሚክሰሩ ጋ የቆመውን ልጅ ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ ነው። «አንተ ኮምፒዩተር ትችል የለ፣ ሳውንዱን ያዝልን» ተብሎ በዘመድ ሠርግ ለተመደበው፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በሰፈር መንዙማ ማይኩን የምታስተካክለው እሷ ለሆነችው።

ደሴ ብትሠሩ ኮምቦልቻ ዕቃው ያው ነው። ባለ 12 ወይም ባለ 16 ቻናል (የድምጽ መግቢያ ረድፍ) ሚክሰር፣ ሁለት ሞንታርቦ፣ አንድ ሁለት ሞኒተር፣ የገመድ ክምር። ከዚህ ሁሉ ሰው የሚፈራው ሚክሰሩን ነው። አብሽሩ፤ አንድ ረድፍ ከገባችሁ የቀሩት ረድፎች የሱ ግልባጭ ናቸው። ደግሞም ትልቁ ሥራ ማዞሪያዎቹ ላይ አይደለም። መብራቱን ከየት ወሰዳችሁ፣ ስፒከሩን የት አቆማችሁ፣ ጌይኑን (የሚገባውን ድምጽ መጠን የሚወስነውን ማዞሪያ) በምን ድምጽ ላይ ለካችሁ፣ ሳውንዱ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ እንግዳ ሳይገባ የሚያልቅ ሥራ ነው። ስለዚህ በሥራው ቅደም ተከተል እንሂድ።

ከሁሉ በፊት መብራቱ

ዕቃ ከማውረዳችሁ በፊት ሶኬቱን እዩ። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። 10 አምፔር የሚችል ማከፋፈያ ቢበዛ 2,200 ዋት ይሸከማል። ለትንሽ ሳውንድ ይበቃል፣ ብቻውን ከሆነ።

ብቻውን አይሆንም እንጂ። ሠርግ ቤት ጓዳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ አንዱ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል። ከሱ ጋር አንድ መስመር ላይ ከተሰካችሁ፣ እንጀራው በተጋገረ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል። አምፑ (ለስፒከሩ ጉልበት የሚሰጠው ዕቃ) ይዳከማል፣ ዲጂታል ሚክሰር ከሆነ ደግሞ ራሱን አጥፍቶ ሊነሳ ይችላል፣ ያውም ሙሽሮቹ በር ላይ ቆመው። ስለዚህ ገብታችሁ ጠይቁ፦ «እትዬ፣ ምጣዱ የቱ ሶኬት ላይ ነው የሚሰካው?» ከዚያ እናንተ ሌላውን ውሰዱ። ጓዳ ገብታችሁ ደግሞ ሳትቀምሱ አትወጡም።

የሳውንዱን ዕቃ በሙሉ፣ ሚክሰሩንም፣ ስፒከሩንም፣ ኪቦርዱንም፣ ላፕቶፑንም ከአንድ ምንጭ ስኩት። አንዱን ከሳሎን፣ ሌላውን ከጎረቤት ከወሰዳችሁ «ምምምም» የሚል ወፍራም ጉምጉምታ ይመጣል። አንዳንድ ሰው ይህን ለማጥፋት የመሬት መስመሩን ይቆርጣል። ጉምጉምታው ሊጠፋ ይችላል፤ ግን ዕቃው ውስጥ ብልሽት ከተፈጠረ ኤሌክትሪኩ የሚወርደው ማይኩን የጨበጠው ሰው ላይ ነው። በፍጹም አትቁረጡ።

ጀነሬተር ከሆነ አንድ ነገር አስቡ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ይደክማል፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል። ላዩ ላይ 3 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ጀነሬተር ደሴ ላይ ሩቡን ያህል አጥቶ ነው የሚሠራው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ትንሽ ይሻላል። ጀነሬተሩን ስትከራዩ ይህን ቀንሳችሁ አስሉ። ኮምቦልቻ ላይ ያለምንም ችግር የተሸከመላችሁ ጀነሬተር ሽቅብ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ቢያጣጥር ብልሽት አይደለም።

ስፒከሩ የት ይቁም

ፉጨት የሚመጣው እንዲህ ነው። ማይኩ ድምጽ ይወስዳል፣ ስፒከሩ ያጎላዋል፣ ማይኩ ያንኑ የጎላውን መልሶ ይሰማል፣ እንደገና ይጎላል። ዙሩ ራሱን ሲመግብ ያፏጫል። መድኃኒቱ መጀመሪያ ቦታ ነው፣ ማዞሪያ በኋላ ይመጣል።

ሁለቱን ሞንታርቦ ከዘፋኙ ፊት ለፊት በኩል፣ ወደ ሕዝቡ አስጠግታችሁ አቁሙ። ማይኮቹ ሁሉ ከስፒከሮቹ ኋላ መቅረት አለባቸው። ቦታ ጠቦ ከኋላ ማቆም ግድ ከሆነ ቢያንስ ወደ ጎን አርቋቸው። ከፍታውም ወሳኝ ነው። ስፒከር መሬት ላይ ከተቀመጠ የፊተኛው ረድፍ ሰው ሆድና ጉልበት ድምጹን ይበላዋል፤ የፊተኛው ጆሮውን ይይዛል፣ የኋለኛው «አልሰማም» ይላል። በማቆሚያ ከቆመ ሰው ራስ በላይ አውጡትና ትንሽ ወደ ታች አዘንብሉት።

ደሴ ላይ ብዙ አዳራሽ ሲሚንቶ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ድምጽ አይውጥም፤ መልሶ ይወረውራል። ስፒከሩን ወደ ባዶ ግድግዳ ካዞራችሁ ንግግሩ ይንጫጫል እንጂ አይሰማም። ወደ ሰው አዙሩት። ሰውና ጋቢ ጥሩ ድምጽ ዋጪ ነው። ለዚያ ነው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያስተካከላችሁት ድምጽ ሕዝብ ሲገባ የሚለወጠው።

ድንኳን ውስጥ የግድግዳ ጣጣ የለም። ግን ድምጹ ቶሎ ይደክማል። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምጹ 6 ዴሲቤል (የድምጽ ከፍታ መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ረጅም ድንኳን ከሆነ የፊቱን ከማስጮህ መሐል ላይ ሌላ ጥንድ ትንንሽ ስፒከር ጨምሩ። ድምጽ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ 20 ሜትር ላይ ያለውን ስፒከር 60 ሚሊሰከንድ ገደማ ካላዘገያችሁት ኋላ ያለው ሰው ቃሉን ሁለት ጊዜ ይሰማል። ዲጂታል ሚክሰር ላይ «ዲሌይ» የሚባለው ማስተካከያ ይህን ይሠራል። ከሌላችሁ የኋለኞቹን ድምጽ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ተዉት።

ሞኒተሩ፣ ማለትም ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር፣ ወደ ዘፋኙ ፊት ነው የሚዞረው። ተራው የዘፈን ማይክ የሚሰማው በፊቱ ነው፤ ጀርባው ደንቆሮ ነው ማለት ይቻላል። ከ1966 ጀምሮ እየተሠራ ያለው ሹር ኤስኤም58 እንዲህ ያለ ማይክ ነው። አስመስለው የሠሩትም ገበያው ሞልቷል፣ ስትገዙ ጠርጥሩ። ስለዚህ ሞኒተሩ ልክ በማይኩ ጭራ አቅጣጫ ይቀመጥ። ሱፐርካርዲዮይድ የሚባለው ዓይነት ግን ጭራው ላይ ትንሽ ጆሮ አለው፤ ለሱ ሞኒተሩን ከጭራው ቀኝ ወይም ግራ ሸሸት አድርጉት።

ዘፋኙ የማይኩን ራስ በመዳፉ ሸፍኖ የሚይዝ ከሆነ ይህ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል። ማይኩ ፊቱንና ጀርባውን የሚለየው በሽቦው ወንፊት ጎን በሚገባ አየር ነው። ሲታፈን ከሁሉም አቅጣጫ ይሰማል፣ ያፏጫልም። በጨዋ ቋንቋ «እጀታውን ያዙልኝ» በሉ።

ገመዱ

ሦስት ዓይነት ጫፍ ታገኛላችሁ። ባለሦስት እግሩ ክብ ኤክስኤልአር ለማይክ ነው። ወፍራሙ፣ 6.35 ሚሊሜትር ጃክ ለኪቦርድ፣ ለክራርና ለጊታር ነው። ትንንሾቹ ቀይና ነጭ አርሲኤ ለላፕቶፕና ለስልክ ናቸው።

ባለሦስት እግሩ ሁለት ሽቦ አንዱን ድምጽ ተገልባብጦ ይዞ ይሄዳል። መንገድ ላይ የገባው ጩኸት ሚክሰሩ ጋ ሲደርስ እርስ በርሱ ይጣፋል። ለዚህ ነው 30 ሜትር ቢሄድም የማይጮኸው። ተራ የጃክ ገመድ ይህ ጥበቃ የለውም፤ ከ5 ወይም 6 ሜትር በላይ አትዘርጉት። ኪቦርዱ ሩቅ ከሆነ ዲአይ ቦክስ የሚባለውን ትንሽ ሳጥን አጠገቡ አድርጉ። ጃኩ ይገባበታል፣ ባለሦስት እግር ገመድ ይወጣለታል።

የድምጽ ገመድ ከመብራት ገመድ ጋር አብሮ አይተኛ። መሻገር ግድ ከሆነ ተሻግሮ ይለፍ፣ አብሮ ግን አይሂድ። መተላለፊያ ላይ በፕላስተር ለጥፉት። ሠርግ ላይ ሰው ሰሃን ይዞ ነው የሚሄደው።

ከዚያ ነጭ ፕላስተር ከፌደሮቹ (ሚክሰሩ ግርጌ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ከሚንሸራተቱት) በታች ለጥፋችሁ በስክሪብቶ ጻፉ፦ ዘፋኝ፣ ተቀባይ፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ኪቦርድ፣ ላፕቶፕ። ሁሉን በቃሌ እይዘዋለሁ የሚል ሰው ግርግሩ ሲጀምር የላፕቶፑን ትቶ የሽማግሌውን ማይክ ይዘጋል።

አንዱ ረድፍ፣ ከላይ እስከ ታች

አሁን ሚክሰሩ። ድምጽ ከረድፉ አናት ይገባል፣ በእያንዳንዱ ማዞሪያ አልፎ ግርጌ ላይ ይወጣል። ማንበብም እንዲሁ ነው።

አናቱ ላይ መግቢያው አለ። ማይክ በጣም ደካማ፣ ጥቂት ሚሊቮልት የሚሆን ድምጽ ነው የሚልከው። ኪቦርድና ላፕቶፕ ግን እስከ አንድ ቮልት ይደርሳል። ለዚህ ነው «ማይክ» እና «ላይን» የሚባሉ ሁለት መግቢያዎች ያሉት። ላፕቶፕን ማይክ መግቢያ ላይ ከሰካችሁት ይሰነጣጠቃል። «ፓድ» የሚል ቁልፍ ካለ ድምጹን 20 ወይም 26 ዴሲቤል ቀንሶ ያስገባል፤ ለጮክ ላለ ነገር ነው።

48 ቮልት ወይም «ፋንተም» የሚለው ኮንደንሰር ለሚባሉ ማይኮች መብራት ይሰጣል። ተራው የእጅ ማይክ አያስፈልገውም። ገመዱ ደህና ከሆነ ቢበራበትም አይጎዳውም። ስታበሩትም ስታጠፉትም ማስተሩን (የጠቅላላውን ድምጽ ፌደር) ዝጉ፣ ያለዚያ «ጧ!» ይላል።

ቀጥሎ ጌይን፣ አንዳንዱ ላይ «ትሪም»። የሚክሰሩ ዋና ማዞሪያ ይህ ነው፤ ለብቻው ከታች እመለስበታለሁ።

«ሎው ከት» ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምጽ ይቆርጣል። የእግር ኮቴ፣ ነፋስ፣ የእጅ ጉርጓሮ፣ ሁሉ እዚያ ታች ነው ያለው። የሰው ድምጽ በሚገባበት ቻናል ሁሉ ላይ ጫኑት። ለከበሮ፣ ለቤዝና ለኪቦርድ ተዉት።

ኢኮላይዘር ሦስት ማዞሪያ ነው፤ ቀጭን፣ መሐል፣ ወፍራም። ብዙ ሚክሰር ላይ ወፍራሙ 80 ኸርዝ፣ መሐሉ 2.5 ኪሎኸርዝ፣ ቀጭኑ 12 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። ሁሉም መሐል ላይ፣ 12 ሰዓት አቅጣጫ ሲቆሙ ምንም አያደርጉም። መጀመሪያ ከመጨመር ቀንሱ። ድምጹ ጆሮ ከወጋ መሐሉን ቀንሱ። ከዳፈነ ወፍራሙን ቀንሱ፣ ቀጭኑን አትጨምሩ። ዩቲዩብ አይታችሁ ሦስቱንም ወደ ቀኝ ጥግ ካዞራችሁ ያገኛችሁት ጥሩ ድምጽ ሳይሆን ጮክ ያለ ድምጽ ነው፤ ከፉጨት ጋር።

ኦክስ ማለት ተጨማሪ መውጫ ነው። ከቻናሉ ድምጽ ትንሽ ቀድታችሁ ወደ ሌላ ቦታ ትልካላችሁ፦ ወደ ሞኒተር ወይም ወደ ኤኮ። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። «ፕሪ» ከሆነ ከፌደሩ በፊት ነው የሚቀዳው፤ ፌደሩን ብታወጡ ብታወርዱ አይነካውም። ለሞኒተር ይህ ነው የሚፈለገው፣ እናንተ ለሕዝቡ ስታስተካክሉ ዘፋኙ ጆሮ ላይ እንዳይለዋወጥበት። «ፖስት» ከሆነ ፌደሩን ይከተላል። ለኤኮ ይህ ይሻላል፣ ድምጹ ሲዘጋ ኤኮውም አብሮ እንዲዘጋ።

ፓን ግራና ቀኝ ይከፍላል። ለሠርግ መሐል ላይ ተዉት። ግራ የተቀመጠው ዘመድ ማሲንቆ፣ ቀኝ የተቀመጠው ክራር ብቻ የሚሰማበት ምክንያት የለም።

«ሚዩት» ይዘጋል። «ፒኤፍኤል» ደግሞ ያንን ቻናል ብቻ በጆሮ ማዳመጫችሁና በመለኪያው መብራት ላይ ያሳያል፤ ሕዝቡ ሳይሰማ። ብዙ ሰው ይህን ቁልፍ አይነካውም። ጥሩ ሠራተኛ ግን ቀኑን ሙሉ ከእጁ አይለየውም።

ግርጌ ላይ ፌደሩ። 0 የሚለው ምልክት ላይ ሲሆን አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ የገባው ድምጽ እንዳለ ያልፋል።

ጌይን፣ በዘፋኝ ላይ

ጌይን ስንት ድምጽ ሚክሰሩ ውስጥ እንደሚገባ ይወስናል። ፌደሩ የገባውን ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ቡና ሲቆላ ካረረ ስኳር አያድነውም፤ ድምጽም ጌይኑ ላይ ከተሰነጠቀ ፌደሩን ብታወርዱት የተሰነጠቀ ዝቅ ያለ ድምጽ ነው የሚወጣው። ጌይኑ በጣም ካነሰ ደግሞ ፌደሩን ጥግ ድረስ ትሰቅላላችሁ፣ ከዘፋኙ ጋር «ሽሽሽ» የሚለው አብሮ ይጎላል።

እንዲህ አድርጉ። ማስተሩና የቻናሉ ፌደር ታች ይሁኑ። ጌይኑ ወደ ግራ ጥግ። ፒኤፍኤሉን ጫኑ። ዘፋኙን ጥሩት።

አሁን ዘፋኙ «ቼክ፣ ቼክ፣ ዋን፣ ቱ» ይላል። አይበቃም። ወሎ ላይ ሰው ትዝታን ታች ላይ እያጉተመተመ ይጀምራል፣ ከዚያ ድንገት ጣሪያ ይነካል። አምባሰልም ባቲም እንዲሁ ናቸው። በዝቅተኛው ላይ ከለካችሁ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከፍ የሚለውን ቦታ ጠይቁ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ከፍ የሚለውን ቦታ አንድ ጊዜ ይዝፈኑልኝ።»

«ማታ እዘፍነው የለ? ምን አሁን ድምጼን ታደክመኛለህ!»

«አንድ መስመር ብቻ፣ ማታ እንዳላስቸግርዎ ነው።»

እያጉረመረሙ ይዘፍኑላችኋል። ያኔ ጌይኑን ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ አዙሩ። መለኪያው 0 አካባቢ ሲወዛወዝ፣ ከፍ ሲል አልፎ አልፎ +6 ሲነካ አቁሙ። ቀዩ «ክሊፕ» ወይም «ፒክ» መብራት ብልጭ ካለ ትንሽ መልሱ። መድረክ ላይ ሰው ከሙከራው የበለጠ ይጮሃልና ትንሽ ቦታ ትታችሁ መሄድ ጥሩ ነው። ፒኤፍኤሉን አውጡ፣ ፌደሩን 0 ላይ አድርሱ፣ ማስተሩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ።

እንዲህ በየተራ ሁሉንም ቻናል። ከዚያ ጌይኑን እርሱት። ፕሮግራሙ ከተጀመረ በኋላ ጌይን ከነካችሁ ሞኒተሩም፣ ኤኮውም፣ ሁሉም አብሮ ይለወጣል። ማታ እጃችሁ ያለው ፌደር ላይ ብቻ ነው።

ፉጨቱን ቀድማችሁ አስጩኹት

ሕዝብ ሳይገባ ማይኩን ማቆሚያው ላይ፣ ዘፋኙ በሚቆምበት ቦታ አቁሙ። የሞኒተሩን ኦክስ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፣ ሊያፏጭ ጫፍ እስኪደርስ። ሲጀምር ድምጹን ለዩት። «ሁሁሁ» የሚል ወፍራም ከሆነ ከ200 እስከ 500 ኸርዝ አካባቢ ነው። «ፊፊፊ» የሚል ስል ከሆነ ከ2 ኪሎኸርዝ በላይ ነው። ባለ 31 ማዞሪያ ግራፊክ ኢኮላይዘር ካላችሁ ያንን አንዱን 3 ወይም 4 ዴሲቤል ቀንሱ። ትንሽ ጨምሩ፣ ሌላው ሲጮህ እሱንም ቀንሱ። ሦስት አራት ቦታ ላይ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከቆራረጣችሁት ድምጹ የቆርቆሮ ድምጽ ይሆናል፤ ችግሩ የስፒከሩ ቦታ ነው ማለት ነው፣ ተመለሱ።

የተከፈተ ማይክ ቁጥርም ይቆጠራል። ማይኩ እጥፍ በሆነ ቁጥር ሳያፏጭ ማጉላት የምትችሉት በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። መንዙማ ላይ ለአውጪው አንድ፣ ለተቀባዮቹ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ማይክ መስጠት ክብር ይመስላል እንጂ ድምጹን ያበላሻል። ድቤውን ደግሞ ለብቻው ማይክ አትስጡት። ከበቂ በላይ በሌሎቹ ይገባል።

ስለ መሣሪያዎቹ

ማሲንቆ አስቸጋሪው ነው። ድምጹ ቀጭን፣ ስል፣ ከሰው ድምጽ ጋር የሚገፋፋ ነው። ማይኩን ከቆዳው ፊት 15 ወይም 20 ሳንቲሜትር አርቃችሁ፣ ደጋኑ ከሚመላለስበት ወደ ጎን አድርጉት። በጣም ካስጠጋችሁት የጭራው ፍቅፋቅ ከዜማው ይበልጣል። ጆሮ ከወጋ መሐሉን ኢኮላይዘር ትንሽ ቀንሱ፤ ያኔ የዘፋኙ ቃል ቦታ ያገኛል። አዝማሪ እየተንቀሳቀሰ የሚጫወት ከሆነ ሳጥኑ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማይክ ነው የሚያዋጣው።

ክራር ፒክአፕ (ራሱ ላይ የተገጠመ ድምጽ ቀጂ) ካለው በዲአይ ይግባ፣ ጣጣ የለውም። ዋሽንት ላይ ማይኩን ከአፍ ፊት አታድርጉ፣ ትንፋሹ «ፉፉ» ይላል። ወደ ጣቶቹ ቀዳዳ አዙሩት። ከበሮ ትንሽ ክፍል ውስጥ ማይክ አያስፈልገውም። ሜዳ ላይ ከሆነ ወደ ሰፊው ፊት፣ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ፣ ሎው ከቱን ሳትጫኑ።

እንግዳው ሲገባ

ሕዝብ ሲሞላ ድምጹ የደከመ ይመስላል። ማስተሩን ትንሽ ጨምሩ፣ ብዙ አይደለም። ሰው ጆሮ ላይ «እጥፍ ሆነ» የሚባለው 10 ዴሲቤል ሲጨምር ነው፤ ለዚያ ደግሞ የአምፑ ጉልበት 10 እጥፍ ይፈልጋል። አምፑን ከ500 ወደ 1,000 ዋት ብትቀይሩት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው ያገኛችሁት። ስለዚህ «አልሰማም» የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ የሚጋፋውን ነገር ቀንሱ። ዘፋኙ ካልተሰማ ኪቦርዱን አውርዱ።

የሚጨፍር ሰው የሚፈልገውና ጥግ የተቀመጡት አባቶች የሚችሉት አንድ አይደለም። ለጆሮ ጤና የሚመከረው ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራችኋል። ሽማግሌዎቹን ከስፒከሩ ፊት አታስቀምጡ። ድግሱን ከሚያስተናግደው ሰው ጋር ቀድማችሁ ብትነጋገሩ ወንበሩ ሳይዘረጋ ይስተካከላል።

ኤኮ እንወዳለን፤ አልክድም። ዘፈን ላይ ይሁን። ምርቃት ላይ ግን ዝጉት። ሽማግሌው ተነስተው «ውለዱ፣ ክበዱ…» ሲሉ ቃሉ ከነማዕረጉ ይሰማ፣ ሕዝቡም በሰዓቱ «አሜን» ይበል። ኤኮው ክፍት ከሆነ አንዱ ምርቃት ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል። ለምርቃት የተለየ ማይክ አዘጋጁ፤ ኦክሱ ላይ ኤኮ ዜሮ፣ ሎው ከት የተጫነ፣ ፌደሩ ከሌላው ከፍ ያለ። ሽማግሌ ማይክ ደረቱ ላይ ነው የሚይዘው፣ አፉ ጋ አያመጣውም። ስለዚህ ሲመርቁ ሌላውን ማይክ ሁሉ ሚዩት አድርጉ፣ የሳቸውን ጌይን ሳያፏጭ ከፍ ማድረግ የሚቻለው ያኔ ብቻ ነው። ጌይን አትንኩ ያልኩት እዚህ ላይ አይሠራም።

አጠገባችሁ መስጊድ ካለ የአዛኑን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁና ማስተሩን አውርዱ። ቤተ ክርስቲያን ካለም የቅዳሴውን። ሰው መጥቶ እስኪነግራችሁ አትጠብቁ።

ድምጽ ድንገት ቢጠፋ

አትደንግጡ፣ መንገዱን ተከተሉ። የማይኩ ማብሪያ በርቷል? ገመድ አልባ ከሆነ ባትሪው? ፒኤፍኤል ስትጫኑ መለኪያው ይነቃነቃል? ከነቃነቀ ድምጹ ሚክሰሩ ደርሷል፣ ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው፦ ሚዩት፣ ፌደር፣ ማስተር፣ የስፒከር ገመድ። ካልነቃነቀ ከዚያ ወዲያ ነው፦ ማይክ ወይም ገመድ። ገመዱን በሌላ ቀይሩ። አብዛኛውን ጊዜ ገመድ ነው። አንድ ትርፍ ማይክ ከነገመዱ ተሰክቶ፣ ሚዩት ሆኖ ይጠብቅ።

መብራት ከጠፋ ወዲያው ማስተሩን አውርዱ። ሲመለስ በሚመጣው ምት ስፒከር ይጎዳል።

ዲጂታል ሲሆን

እንደ ቤሪንገር ኤክስ32 ያለ ሚክሰር ቢሰጣችሁ ነገሩ ያው ነው። ማዞሪያዎቹ ወደ ስክሪን ገብተዋል እንጂ ረድፉ አልተለወጠም። አንድ ነገር ብቻ ይለያል፤ 0 ማለት እዚህ ጣሪያው ነው፣ ከሱ በላይ የለም። ስለዚህ ጌይኑን ስትለኩ -18 አካባቢ ይወዛወዝ። ስትጨርሱ ሁሉን በስም አስቀምጡት፣ ለሚቀጥለው ፕሮግራም መነሻ ይሆናችኋል።

መዝጋትና መጫን

ስትከፍቱ ሚክሰሩ ይቀድማል፣ ስፒከሩና አምፑ መጨረሻ ይበራሉ። ስትዘጉ ተገላቢጦሹ ነው፤ ስፒከሩ መጀመሪያ፣ ሚክሰሩ መጨረሻ። ፋንተሙን አጥፉ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ ማይኩን ንቀሉ። ገመድ ክርን ላይ አትጠምጥሙ፤ ውስጡ ይጣመምና ይበጠሳል። በሰፊው ክብ፣ አንዱን ዙር ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እያደረጋችሁ ጠቅልሉ።

ፕላስተሩን ከመላጣችሁ በፊት ሚክሰሩን በስልክ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ጌይኑን ሁሉ ወደ ግራ፣ ፌደሩን ሁሉ ወደ ታች መልሱ። ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ ሚክሰሩ አይሱዙው ላይ ከስፒከር ስር አይግባ። በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ጋቢና ውስጥ ያዙት፣ ፌደሮቹ ወደ ላይ ሆነው።